ጉልበት የሚያነበው ዜማ

ማኅሌት ሲቆም የብዙ ሰው ዓይን ከበሮው ላይ ነው። ከበሮ መቺው ይዞራል፣ ይነሣል፣ ይጎነበሳል፤ እልልታውም ለእሱ ነው። እኔ ግን ከግድግዳው ሥር የቆሙትን የሽማግሌውን መሪጌታ ጉልበት አያለሁ።

መቋሚያው ትከሻቸው ላይ ነው። ዜማው ሲነሣ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ጉልበት ጥቂት ይላላል፤ ወገብ ይከተላል፤ መቋሚያው የሚንቀሳቀሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሙያው ያቺ አፍታ ናት። ጀማሪ እጁን ያወዛውዛል፤ ሊቅ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያሻግራል። ነጠላው እንኳ ከትከሻው አይንሸራተትም።

አቋቋም የሚባለው ይህ ሥራ ደረጃ አለው። ቁም ላይ ድምፅ ይቀድማል። ዝማሜ ላይ መቋሚያው ይገባል። መረግድ ላይ ከበሮው በዝግታ ይመታል፤ ጽፋት ላይ ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይታከልበታል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚሸከመው አካል ግን እየበዛ ይሄዳል።

መነሻው ጉሮሮ ነው። የዜማው መጽሐፍ የድጓ ማስመስከሪያ ጋይንት ቤተ ልሔም ነው፤ ተማሪው እዚያ ምልክቱን እየተከተለ ዓመታት ያዜማል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሲገባ ግን ውስጡ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ አገኘ። አቋቋምም እንደዚያ ቤት ነው፤ ውጩ ውዝዋዜ፣ ውስጡ ጥርብ ድንጋይ።

ድጓውን የጨረሰ አቋቋም ሲያምረው ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር ይሄዳል። የደብረ ታቦሩ ስልት ተክሌ ይባላል። በቀልዳቸው የምናውቃቸው የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና፣ የጣና ደንገል በሞገድ ሲወዛወዝ አይተው እንደቀመሩት፣ ስሙም የልጃቸው የተክሌ እንደሆነ ይተረካል። ተክሌ ሲቆም ያየ ሰው ትረካውን ለማመን አይቸገርም፤ ሰውነቱ ይተኛል፣ ሥሩ ግን አይነቀልም።

ዘመኑ ሰውነትን የጥበብ መሣሪያ ማድረግን እንደ አዲስ ነገር ያወራል። የትርኢት ጥበብ ባለሙያዋ ማሪና አብራሞቪች በ2010 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኝ ሙዚየም ከ700 ሰዓት በላይ በዝምታ ተቀምጣ ተደነቀች፤ ይገባታልም። እኛ ዘንድ ግን ወጉ የሚጀምረው የአፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ዜማውን ካላቋረጠው ከቅዱስ ያሬድ ነው። ደብተራውም ተመልካች አይቆጥርም፤ አገር በተኛበት ሰዓት በጧፍ ብርሃን ይቆማል።

ለሚመጣው ክብረ በዓል ከበሮው ሳይነሣ ቀደም ብለው ይድረሱ። መጀመሪያ ጉልበቱን ይዩ።