ስለ ዋሽንትና ስለ ጀማሪው ትንፋሽ

ስለ ዋሽንት የሚነገረው ቃል ሁሉ ምስጋና ነው። የእረኛ ጓደኛ፣ የብቸኛ አጫዋች፣ የናፍቆት ድምፅ እየተባለ በንግግርም በጽሑፍም ይወደሳል። ምስጋናው ከመብዛቱ የተነሣ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ የቀረ ይመስለኛል፤ ይኸውም ዋሽንት መንፋት ገና የጀመረ ሰው ከማን ጋር ይንፋ? የሚለው ነው። ዐዋቂው መድረክ አለው፤ ዘፋኝ ያጅባል፤ ድምፁም ይቀረጽለታል። ጀማሪው ከከብቱና ከገደሉ በቀር ሰሚ የለውም። ዛሬ ደግሞ እረኛ የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ይህም የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን ዋሽንቱ ይለመድበት የነበረው ረጅሙ የመስክ ሰዓት አብሮ ሲያጥር በምትኩ ምን እንደሚሰጠው ማሰብ ይገባል።

ሌሎች አገሮች ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ምን መልስ እንደ ሰጡ መመልከት አይከፋም። በእንግሊዝ አገር ሪኮርደር የሚባል የእንጨት ዋሽንት አለ (ስሙ ድምፅ ከሚቀርጸው መሣሪያ ጋር እንዳይምታታ አንባቢን አሳስባለሁ)። ይህ መሣሪያ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ እጅግ የተወደደ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎን የሚነፋው ፍሉት ስለ በለጠው ተረስቶ ነበር። እንደገና እንዲነሣ ያደረገው አርኖልድ ዶልሜች የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነው። በ1919 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ትንሹ ልጁ ካርል የአባቱን ጥንታዊ ሪኮርደር የያዘውን ቦርሳ በለንደን በዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ረስቶት ሄደ፤ አባትየውም የጠፋውን ለመተካት ሲል በገዛ እጁ ሌላ ሠራ። ያው ካርል ካደገ በኋላ ከኤድጋር ሀንት ጋር ሆኖ በ1937 የሪኮርደር ተጫዋቾችን ማኅበር አቋቋመ። የዚህ ማኅበር ሰዎች በቅዳሜና በእሁድ ጉባኤያቸው ላይ የባንክ ጸሐፊው፣ መምህሩና ጡረተኛው በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ዜማው በየክፍሉ ተከፍሎ ለዐዋቂው ከባዱ፣ ለጀማሪው ቀላሉ ይደርሰዋል፤ ሁሉም በአንድ መሪ እጅ በአንድነት ይነፋሉ። ተመልካች የሚባል ወገን የለም ለማለት ይቻላል።

ይህን አይቶ ለእኛም እንደዚሁ ይደረግ ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሁለቱ መሣሪያዎች ጠባያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። በሪኮርደር አፍ ውስጥ የተሰካችው እንጨት ትንፋሹን ራስዋ መርታ ወደ ስለቱ ስለምታደርሰው፣ ሕፃን እንኳ ቢነፋው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ድምፅ ይሰጣል። ዋሽንት ግን ሁለቱ ጫፉ ክፍት የሆነ ሸምበቆ ነው፤ ትንፋሹ ከአፉ ጠርዝ ጋር የሚገናኝባትን አንዲት ስፍራ የሚፈልጋት ከንፈር ብቻ ነው። ጀማሪው እስኪያገኛት ድረስ ብዙ ቀን ነፋስ ብቻ ይሰማል። ሁለተኛውም ችግር ሪኮርደር በየስፋቱ በታወቀ ልክ ሲሠራ፣ ዋሽንት የሚቈረጠውና የሚበሳው በሠሪው ጣት ልክ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሁለት እረኞች ዋሽንት አንድ ድምፅ ላይ ቢገጥም ዕድል ነው፤ ባለሙያውም ለየዘፋኙ ድምፅ እንዲስማማለት ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። አራቱ የጣት ቀዳዳዎች ከክፍቱ ድምፅ ጋር አምስት ድምፅ ሰጥተው ለትዝታም፣ ለባቲም፣ ለአምባሰልም፣ ለአንቺ ሆዬም የሚበቁ መሆናቸው ድንቅ ጥበብ ነው፤ ይሁን እንጂ ድንቁ ሁሉ ለአንድ ሰው የተበጀ ነው።

ዋሽንትን ከብቸኝነቱ ለማውጣት የተደረገ ሙከራ አልነበረም አይባልም። በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በአዲስ አበባ የመሠረተው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ዋሽንትን ከክራር፣ ከመሰንቆ፣ ከበገናና ከእንቢልታ ጋር በአንድ መድረክ አስቀመጠው። ሥራው ትልቅ ነበር፤ የኢትዮጵያ መሣሪያዎች ጐን ለጐን መሰማት እንደሚችሉ አስረድቷል። ቢሆንም የተመረጡ ባለሙያዎች ስብስብ ስለ ነበረ ለጀማሪው የተወለት ቦታ የአድማጭ ወንበር ብቻ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ አሸናፊ ከበደም ለምዕራባውያን ኦርኬስትራ በደረሰው ሥራ ርእስ ያደረገው እረኛውን ባለዋሽንት ነው፤ በዚያም እረኛው ያው አንድ ሰው ነው። ስለ ሽልማት ውድድር ብዙ አልናገርም። አንዱን አንደኛ አድርጎ ዘጠኙን ዋሽንታቸውን በጉያቸው ደብቀው እንዲመለሱ የሚያደርግ ዘዴ ለስፖርት እንጂ ለዚህ አይበጅም።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን መልሱ በቤታችን እያለ ከሩቅ መፈለጋችን ነው። እንቢልታን እንመልከት። እንቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ መሣሪያ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ነፊዎች ተራ እየተቀባበሉ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በስፍራው ሲያኖር ዜማ ይወጣል። ራስ ጉግሣና ራስ ዓሊ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው በነበረበት ዘመን የመኳንንት ክብር ከነጋሪት ጋር ይታወጅ የነበረው በዚህ መሣሪያ ነው። እንግዲህ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሰው ለታላቅ ክብር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው፤ እሱ ከጐደለ ዜማው ይሰበራል።

በዚያው በደብረ ታቦር ከአለቃ ገብረ ሐና እንደ ፈለቀ የሚነገርለትና በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም አለ። ማኅሌት ሲቆም ገና የሚማረው ደቀ መዝሙር ከመሪጌታው ጋር በአንድ ረድፍ ቆሞ መቋሚያውን ይዞ ይዘምማል፤ ያላወቀውን እያየ ይማራል እንጂ እስኪያውቅ ድረስ ውጭ ጠብቅ አይባልም። በነሐሴ 12 ማታ በቡሄ ዋዜማ ደጃፍ ለደጃፍ የሚዞሩትን ልጆችስ ማን ያላየ አለ? ግጥሙን የሚያወጣው አንድ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ከኋላ የሚቀበሉት ግን የአምስት ዓመቱም ልጅ ጭምር ናቸው፤ ሙልሙሉም ለሁሉ ነው።

ይህ ሁሉ ሲታይ፣ በጉና ተራራ አጠገብ ባለችው በገሳይ የሁለት ቀን የዋሽንት ጉባኤ ቢደረግ ሥርዐቱን ከዚህ መቅዳት ይቻላል። ለጀማሪዎች ከአንድ ልክ የተቈረጡ ዋሽንቶች ይዘጋጁ፤ አንደኛው ወገን አንድ ድምፅ ብቻ ያዝልቅ፤ ሁለተኛው ሁለት ድምፅ ይቀበል፤ ዜማውን የሚችሉት ይያዙት፤ ዐዋቂው ሽማግሌ በላዩ እንደ ልቡ ያቅራራበት። ከልማድ የተነሣ ዋሽንት ያልያዙ ልጃገረዶችም በዚህ ረድፍ ያለ ክርክር ይገባሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ፤ ዋሽንት በአንድ ልክ ከተቈረጠ የየሠሪው ጣት ያስገኘው ልዩ ቃና ይጠፋል ይባላል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚከብደኝ ይኸው ነው። የአንድ አገር ሰው ትዝታ ከሌላው አገር ሰው ትዝታ በጥቂት የሚለይበት ጣዕም በልክ መቍረጫ ቢጠፋ ጉዳቱ በቀላሉ አይጠገንም። ስለዚህ በልክ የተቈረጠው የጀማሪው ብቻ ይሁን፤ ባለሙያው የራሱን ይዞ ይምጣ። ድምፁ ከጉባኤው ጋር ካልገጠመ ቅዳሜ ማታ ብቻውን ይንፋ፤ ጀማሪዎቹም ዝም ብለው ይስሙት። ያንን ቃና የሚወርስ ጆሮ የሚገኘው ቀን አብረው ከነፉት መካከል ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቡሄ ለዝናቡ ሲባል አይሆንም፤ በደጋ ክረምት የረጠበ ሸምበቆም የረጠበ ሰውም ደኅና አይነፋም። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከጥምቀት ቀጥሎ ባሉት ሳምንቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች ቅዳሜን በሚያገኙበት ጊዜ ቢሆን ይሻላል። ማደሪያው የትምህርት ቤት ክፍል፣ ስንቁም ቆሎና የገሳይ ድንች ሊሆን ይችላል። ሸምበቆው ግን ከወዲሁ ተቈርጦ በጥላ መድረቅ ስላለበት የሠሪዎቹ ሥራ ከጉባኤው ብዙ ሳምንት አስቀድሞ መጀመር አለበት።