ደም ስለ ጉልበት የሚሰጠው ምስክርነት

የጉልበቱ አንጓ በዕድሜና በድካም ብዛት ያለቀበት ሕመምተኛ ወደ ላቦራቶሪ መጥቶ ክንዱን ሲዘረጋ፥ ስለ ጉልበቱ የተሰወረው ነገር ሁሉ በአንዲት ብልቃጥ ደም ተገልጦ ይወጣልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ ደሙን የሚመረምረው ባለሙያ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው፥ ደም ከሩቅ የመጣ ምስክር መሆኑን ነው። በአጥንቶቹ ጫፍ የተነጠፈው ልም አጥንት በባሕርዩ የደም ሥር የሌለው ስለ ሆነ፥ ሲፋቅና ሲሰባበር የሚወጣው ርዝራዥ አስቀድሞ ወደ አንጓው ፈሳሽ፥ ከዚያም በሊምፍ ሥሮች በኩል ወደ ደም ይደርሳል፤ በዚያም ከአከርካሪ፥ ከዳሌና ከእጅ ጣቶች የመጣው ተመሳሳይ ርዝራዥ ይቀላቀለዋል፤ የትኛው ከየት እንደ መጣ የሚለይበት ምልክት ግን የለውም።

በየሆስፒታሉ የታወቁት ሁለቱ ምርመራዎች ከመጀመሪያውም ለጉልበት የተፈጠሩ አይደሉም። ኢ.ኤስ.አር የምንለውን፥ ይኸውም ቀይ የደም ሕዋሳት በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደ ወረዱ የሚለካውን፥ የስዊድን ሊቃውንት ፋሬውስ በ1918 ስለ እርጉዞች፥ ቬስተርግሬን በ1921 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሲመረምሩ አጸኑት፤ ሲ.አር.ፒ የሚባለውን ፕሮቲን ደግሞ ቲሌትና ፍራንሲስ በ1930 በኒው ዮርክ በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ አገኙት (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሲ.አር.ፒን የሚያመነጨው ጉበት ነው፤ የሰውነት ውፍረት ብቻውን ከፍ ያደርገዋል፤ በጉልበት አንጓ ማለቅ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ብቻ ይጨምራል፥ ወይም ከነጭራሹ አይጨምርም። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ያለለትን ሕመምተኛ «ሕመም የለብዎትም» ማለት በደል ነው፤ ቁጥሩ እጅግ ሲያሻቅብ ደግሞ የአንጓ መመርቀዝ ወይም ሌላ ብርቱ ብግነት እንዳለ መጠርጠር ይገባል፤ ለእኔም የእነዚህ ምርመራዎች ታላቅ ጥቅም ይህ ነው።

ስለ ልም አጥንቱ ራሱ ሊናገሩ የሚሞክሩት ግን በኋላ የመጡት የደም ምልክቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ኮምፕ የተባለው ፕሮቲን ነው፤ እርሱም በልም አጥንት ብቻ ሳይሆን በጅማትና በአንጓው ውስጠኛ ሽፋን ጭምር ይገኛል። ሰው ሲራመድ መጠኑ በደም ውስጥ ከፍ ይላል፥ ሲያርፍም ይመለሳል። ሌላው ምልክት፥ ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለው፥ እንዲሁ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ሲንቀሳቀስ ይጨምራል፥ ጉበቱ የታመመ ሰው ዘንድ ደግሞ ያለ ጉልበት ምክንያት ይበዛል። እንግዲህ በሰሙነ ሕማማት ከንጋት ጀምረው ሲሰግዱ የዋሉ አረጋዊትና ቤታቸው ተቀምጠው የዋሉ ጎረቤታቸው ደማቸውን በአንድ ሰዓት ቢሰጡ፥ የቁጥራቸው ልዩነት የሕመማቸው ልዩነት ነው ለማለት የሚደፍር ማን ነው? በብዙ ሰዎች መካከል ሲመዛዘኑ እነዚህ ምልክቶች ለተመራማሪ ቁም ነገር ይነግሩታል፤ በአንድ ሰው ላይ ግን ኬልግሬንና ሎውረንስ በ1957 ደረጃ ያወጡለትን የራጅ ሥዕል፥ የሐኪሙንም እጅ፥ እስከ ዛሬ ሊተኩ አልቻሉም።

ስለሆነም ከእኔ ጋራ የሚሠሩትን ወጣቶች ከመርፌው በፊት «እማማ፥ ዛሬ በእግርዎ መጡ? ሰግደዋል? ምን ያህል ዐረፉ?» ብለው እንዲጠይቁ፥ መልሱንም ከሰዓቱ ጋራ ከቁጥሩ አጠገብ እንዲጽፉ አጥብቄ አዝዛቸዋለሁ፤ ያው ሰው ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ደሙ የሚቀዳው በዚያው ሰዓት፥ ያንኑ ያህል ካረፈ በኋላ እንዲሆን ነው።