ሙሾና ምስክርነት፦ ስለ ኮቨንትሪ ንቦች ደጋፊዎች ትዝታ

በአገራችን ስለ ሟች ሁለት ዓይነት ንግግር ይደረጋል። አንደኛው ሙሾ ነው። አልቃሿ የሟቹን ደግነት፣ ቁመናና ጀግንነት እየደረደረች የተቀመጠውን ሁሉ ታስለቅሳለች፤ ብታጋንንም የሚቀየማት የለም። ሁለተኛው ምስክርነት ነው። ሟቹ የተወው ንብረት አከራክሮ ወራሾች ዳኛ ፊት ሲቆሙ፣ የሚያውቀው ጎረቤት ተጠርቶ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ እሱ ቢያጋንን ግን የጠራውን ሰው ያስረታል። የስፖርት ክለብ ደጋፊዎች የሚጽፉትንና የሚያወሩትን ትዝታ ባነበብሁ ቁጥር ይህ ልዩነት ይታወሰኛል። ትዝታቸው ራሱን የቻለ የትረካ ዘርፍ ነው፤ የራሱ አከፋፈት፣ የራሱ አዝማችና የራሱ መዝጊያ አለው። ዘርፍ ከሆነ ደግሞ ሂስ ይገባዋል።

ለዚህ ሂስ የመረጥሁት የእግር ኳስ ክለብ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ስም የሚጠራ፣ «ንቦች» የሚል ቅጽል ያለው፣ ጥቁርና ቢጫ የሚለብስ የስፒድዌይ ክለብ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስፒድዌይ ለብዙው አንባቢያችን እንግዳ ስለሆነ ጨዋታውን በአጭሩ ላስረዳ። አራት ሰዎች በአራት ሞተር ሳይክሎች ሞላላ በሆነ፣ ደቃቅ ጠጠር በለበሰ ሜዳ ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ። ሞተሩ ባለ 500 ሲሲ ነው፤ አንድ ሲሊንደርና አንድ ማርሽ ብቻ አለው፤ የሚነዳው በሜታኖል ነው፤ ፍሬን ግን የለውም። ኩርባው ላይ ሲደርስ ነጂው ግራ እግሩን፣ ከሥሩ ብረት የተለበጠበትን ጫማ መሬት ላይ እያንሸራተተ፣ የኋላ ጎማውን ሆን ብሎ ወደ ውጭ ያስወጣና ሞተሩን በጎኑ ያስኬደዋል። አንደኛ የወጣ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1 ነጥብ ያገኛል፤ አራተኛ ምንም የለውም። አንዱ ሩጫ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በአንድ ምሽት አብዛኛውን ጊዜ 15 ሩጫ ይደረጋል።

ይህን ቁጥር አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ደጋፊው ሁለት ሰዓት ያህል ስታዲየም ውስጥ ሲቆም እሽቅድምድም የሚያየው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ የጠበቃና የወሬ ነው። ሜዳው በትራክተር ሲስተካከል፣ ቀይና ሰማያዊ የራስ ቁር የሚያደርጉት ባለሜዳዎች፣ ነጭና ቢጫ የሚያደርጉት እንግዶች እስኪዘጋጁ ድረስ፣ ደጋፊው ፕሮግራሟን ዘርግቶ የእያንዳንዱን ሩጫ ውጤት በእስክሪብቶ ይሞላል፤ እየሞላም ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ያለፈውን ዓመት፣ ካለፈው ዓመት በፊት የነበረውን ያነጻጽራል። እንግዲህ ትዝታ ለዚህ ስፖርት ክለቡ ሲደክም የመጣ የእርጅና ምልክት አይደለም። ከመጀመሪያውም የጨዋታው ግማሽ ነበር። ክለቡ ሲዘጋ ሩጫው ቆመ፤ ወሬው ግን በለመደበት ቀጠለ። የእነዚህ ሰዎች ትዝታ ከሌሎች ስፖርቶች ትዝታ ይልቅ የበለጸገው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

የትዝታው አከፋፈት ሁልጊዜ ሽታ ነው። ያነበብሁት የድሮ ደጋፊ ጽሑፍ ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚጀምረው በሞተር ዘይቱ ሽታ ነው። ዘይቱ ከጉሎ ፍሬ የሚወጣ ነው፤ አያቶቻችን ምጣድ ያሰሱበት፣ ቆዳ ያለሰለሱበት ያው የእኛው ጉሎ፣ በጋለ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ጣፋጭነት ያለው ከባድ ጭስ ይሰጣል። ከሽታው ቀጥሎ የመጀመሪያው ኩርባ ይመጣል፤ አጥሩ አጠገብ የቆመ ሰው ፊቱና ፕሮግራሙ በሚረጨው ጠጠር መመታቱ። ከዚያ የጀግኖች ስም ይደረደራል፤ በ1971፣ በ1975 እና በ1978 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ሦስተኛውን ድል የኮቨንትሪ ነጂ ሳለ ያገኘው ዴንማርካዊው ኦሌ ኦልሰን ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያ ዋንጫዎች ይቆጠራሉ፤ 1968፣ 1978፣ 1979፣ 1987፣ 1988፣ በኋላም 2005፣ 2007 እና 2010። መዝጊያው ደግሞ ይታወቃል፦ ያ ጊዜ አለፈ፣ የዛሬ ሰው ስፖርት አያውቅም።

አከፋፈቱን እወድደዋለሁ። ሽታና ጠጠር በአካል የኖረ ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸውና ውሸት አይችሉም። ከመዝጊያው ጋር ግን አልስማማም። ሙሾው እውነትን የሚደብቀው እዚያ ላይ ነው፤ የሚደብቀውም ሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው የነጂው ሥጋ ነው። በትዝታው ውስጥ የወደቀ ሁሉ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። እውነቱ ሌላ ነው። በ2012 እንግሊዛዊው ሊ ሪቻርድሰን ፖላንድ ውስጥ በውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ሞቷል፤ በ2015 አውስትራሊያዊው ዳርሲ ዋርድ እዚያው ፖላንድ ውስጥ ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኗል። ይህን ጉዳይ ከደጋፊዎቹ ትዝታ የበለጠ በድፍረት የነካ አንድ የቆየ ፊልም አለ። በ1949 የወጣው፣ ጃክ ሊ ያዘጋጀው «ዋንስ ኤ ጆሊ ስዋግማን» ነው። ታሪኩ ከሞንታጉ ስሌተር ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ ወጣቱ ደርክ ቦጋርድ ከፋብሪካ ሥራ ወጥቶ የስፒድዌይ ኮከብ የሚሆነውን ቢል ፎክስን ሆኖ ይጫወታል። ፊልሙ እንደ ድርሰት እንከን አለበት፤ የፍቅሩ ታሪክ ደካማ ነው፤ ነገሩ ሁሉ በመጨረሻ ሩጫ ወይስ ትዳር ወደሚል ጠባብ ጥያቄ ይወርዳል። ነገር ግን አንድ ታላቅ ቁም ነገር አለው፤ ነጂውን እንደ ሠራተኛ ያየዋል። ጓደኛው በአደጋ ሲሰናከል ቢል የሚጠይቀው ጥያቄ የክብር ሳይሆን የካሳና የማኅበር ጥያቄ ነው። ሕዝቡ ያጨበጨበለት ሰው ሲወድቅ ማን ያስታምመዋል? የደጋፊው ሙሾ ይህን አይጠይቅም። ፊልሙ በበኩሉ የማያሳየው ነገር አለ፤ ካሜራው ከነጂው ጋር ስለሆነ ዳር የቆመው ሕዝብ ድምፅ እንጂ ሰው አይሆንም። ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዟል።

ሙሾው የሚደብቀው ሁለተኛው ነገር መሬት ነው። ስፒድዌይ የወደቀው የዛሬ ሰው ስለ ተለወጠ ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። እርግጥ በ1981 በዌምብሌይ በተደረገው የዓለም ፍጻሜ ከ90,000 በላይ ሰው ተገኝቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ በእጅጉ ቀንሷል። ነገር ግን በፖላንድ ያው ስፖርት፣ ያው ፍሬን የሌለው ሞተር፣ በቶሩን፣ በሌሽኖና በጎዡፍ ብዙ ሺህ ሰው ይሰበስባል፤ በቶሩን በ2009 ለስፒድዌይ ተብሎ አዲስ ስታዲየም ተከፍቷል። ስለዚህ በሽታው በስፖርቱ ውስጥ ብቻ አይደለም። ነገርን ከሥሩ ለተመለከተው፣ የእንግሊዝ ክለቦች አብዛኞቹ የቤት ባለቤቶች ሳይሆኑ ተከራዮች ነበሩ። በውሻ እሽቅድምድም ስታዲየም ውስጥ እየተከራዩ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ የውሻው ገቢ ሲደርቅና የቦታው ዋጋ ሲንር ባለቤቱ ለቤት ሠሪ ይሸጠዋል፤ ክለቡ ዋንጫውን ተሸክሞ ይወጣል። ስዊንደን ከ2019 በኋላ አልሮጠም፤ ዎልቨርሃምፕተንና ፒተርቦሮ በ2023 ሜዳቸውን አጡ። ደጋፊው ግን ለሃምሳ ዓመት የቆመበትን ደረጃ እንደ ርስት ይቆጥረዋል። ርስት መስሎት የኖረበት ቦታ የጭሰኛ መሬት እንደነበረ የሚያውቀው የማስለቀቂያው ወረቀት ሲመጣ ነው።

የኮቨንትሪ ታሪክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስታዲየሙ ያለው ከከተማው ውጭ፣ ብራንደን በምትባል መንደር ነው። በ1928፣ ማለትም ስፖርቱ ወደ እንግሊዝ በገባበት ዓመት ጀምሮ ሞተር የተሰማበት ቦታ ነው። ዙሪያው የሠራተኛ አገር ነበር፤ የፔዦ መኪና ይገጣጠምበት የነበረው የራይተን ፋብሪካ ከስታዲየሙ ብዙም አይርቅም፤ እሱም በ2006 ተዘግቷል። የመጨረሻው ሩጫ በብራንደን የተደረገው በ2016 ነው። ቦታውን የገዛው ኩባንያ ስታዲየሙን አፍርሶ ከመቶ በላይ መኖሪያ ቤቶችና ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ ሜዳ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀ። መንደሯ በራግቢ አስተዳደር ሥር ስለሆነች ውሳኔው የወደቀው የኮቨንትሪ ባልሆነ ምክር ቤት እጅ ነው።

ደጋፊዎቹ በዚህ ጊዜ ሙሾ ብቻ አውጥተው ቢቀመጡ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። የእንግሊዝ የፕላን መመሪያ ለለቅሶ ቦታ የለውም። የስፖርት ሥፍራ ላይ ሌላ ነገር እንዳይሠራ ይከለክልና ሦስት በር ብቻ ይተዋል፦ ሥፍራው ትርፍ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ወይም በእኩል ወይም በተሻለ ከተተካ፣ ወይም የሚተካው ሌላ የስፖርት አገልግሎት ጥቅሙ ከሚጠፋው በግልጽ ከበለጠ። ስለዚህ ጥያቄው «ታፈቅሩት ነበርን?» አልነበረም። «ትርፍ ነው ወይስ አይደለም? ቢከፈት ራሱን ይችላል ወይስ አይችልም?» ነበር። ደጋፊዎቹ ተደራጅተው ለዓመታት ተከራከሩ። ራግቢ በ2022 ማመልከቻውን አልቀበልም አለ፤ ኩባንያው ያቀረበው ይግባኝም ውድቅ ሆነ።

እንደ ሐያሲ የሚገርመኝ ይህ ክርክር በትዝታው ቋንቋ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ነው። በሙሾ ውስጥ «ሰው ጢም ብሎ ነበር» ማለት ይበቃል፤ በምስክርነት ግን «ስንት ሰው? በየትኛው ዓመት? በምን ታውቃለህ?» ይባላል። በሣጥን ሥር የተቀመጠች፣ በእስክሪብቶ የተሞላች ፕሮግራም ማስታወሻ መሆኗ ይቀርና ማስረጃ ትሆናለች። ቅጽል ይቀንሳል፤ ቁጥርና ቀን ይበዛል። አንዳንዱ አንባቢ ይህ ትዝታን ያደርቀዋል ይል ይሆናል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። ሽታውንና ጠጠሩን የሚያስታውስ ሰው በዝርዝር የማየት ተሰጥኦ አለው፤ የሚጎድለው ያንኑ ዓይን ወደ ውል፣ ወደ ኪራይና ወደ ቆሰለው ነጂ ማዞር ነው። ዝርዝር ሲሰፋ ፍቅሩ አይቀንስም፤ የሚያምነው ሰው ይበዛል እንጂ።

ድሉን ግን አላጋንነውም፤ ያልሁትን ደንብ ራሴ ላፍርስ አልፈልግም። ክርክሩ ሲጓተት ባዶው ስታዲየም በተደጋጋሚ ተቃጥሏል፣ ተዘርፏል። ፈቃድ መከልከል ሞተር አያስነሳም፤ ቤት እንዳይሠራበት የተከለከለ ቦታ ሁሉ ሩጫ ይካሄድበታል ማለትም አይደለም። ሆኖም ተስፋው ባዶ እንዳልሆነ የኦክስፎርድ ክለብ ያሳያል፤ ከ2008 በኋላ ጠፍቶ በ2022 ወደ ቀድሞው ስታዲየሙ ተመልሷል። እዚያም ቢሆን ስታዲየሙ ሳይፈርስ መቆየቱ ባይኖር መመለሻ አይኖርም ነበር።

ወደ እኛ ቤት ስመጣ፣ ስለ ቀድሞ የእግር ኳስ ክለቦቻችን የምናወራው ገና ሙሾ ብቻ ነው። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ በመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆኖ በ1965 አክራ ላይ ተጫውቷል። ይህን ስንሰማ «አይ ጊዜ!» ብለን እናልፋለን። ክለቡን ማን ይከፍለው ነበር? ተጫዋቹ በፋብሪካው ምን ሠራተኛ ነበር? ጉልበቱ ሲሰበር ማን አሳከመው? ሜዳው የማን ነበር? እነዚህን የሚመልሱ ሰዎች በየቤታቸው አርጅተዋል፤ የደመወዝ ወረቀታቸውና የቡድን ፎቶግራፋቸው በየሣጥኑ ነው። የኮቨንትሪ ደጋፊዎች ክለባቸውን እንደገና ያስሮጡት አያስሮጡት፣ ያስተማሩን ነገር ይህ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ሳሉ ሄዶ መጠየቅና የሚሉትን ከነቀኑ መጻፍ።