ጭምብል ያጠለቀው ፈረሰኛና «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ አንድን የኪነ ጥበብ ሥራ ለመመርመር የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ሥራው ስንት ገንዘብ አስገባ፥ ስንት ሰውስ አጨበጨበለት የሚለውን ሳይሆን፥ ምን ሊነግረን ተነሣ፥ ያንንስ በእውነት ነገረን ወይ የሚለውን ነው። ይህ ሥርዓት ሳይጠበቅ ሲቀር ብዙ ጊዜ ፍርድ ይጓደላል። በእኔ አስተያየት ፍርድ ከተጓደለባቸው የሲኒማ ሥራዎች አንዱ፥ ጎር ቨርቢንስኪ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበው «ዘ ሎን ሬንጀር» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ብቸኛው ጸጥታ አስከባሪ» እንደ ማለት ነው።

ይህን ፊልም ደባርቅ ላይ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆኜ አይቼዋለሁ። ልጆቹ በፈረሱ ተንኮል እየሳቁ፥ በባቡሩ ሩጫ እየተደነቁ ሲመለከቱ ቆዩና ፊልሙ ሲያልቅ ከመካከላቸው አንዱ፥ «ጀግና ከሆነ ፊቱን ስለ ምን ይሸፍናል? በእኛ አገር ፊቱን የሚሸፍን ሌባ ነው» ሲል ጠየቀኝ። በጊዜው የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

ታሪኩ የተፈጠረው ለሲኒማ አይደለም። ጭምብል ያጠለቀው ፈረሰኛ መጀመሪያ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1933 ዲትሮይት ከተማ በነበረ የራዲዮ ጣቢያ ነው። ከ1949 እስከ 1957 ደግሞ በቴሌቪዥን እየታየ የብዙ አሜሪካውያን ልጆች ወዳጅ ሆነ። ነጭ ፈረሱ ሲልቨር፥ የብር ጥይቱና ቶንቶ የተባለው የአገሩ ተወላጅ ጓደኛው ከእርሱ የማይለዩ ምልክቶቹ ናቸው። በራዲዮው ዘመን ቶንቶን ሆኖ ይናገር የነበረው ነጭ ተዋናይ ሲሆን፥ በቴሌቪዥኑ ግን የሞሐውክ ተወላጅ የሆነው ጄይ ሲልቨርሂልስ ተጫውቶታል። ቶንቶ የሚለው ቃል በእስፓኝ ቋንቋ «ሞኝ» ማለት መሆኑ ግን ጓደኝነቱ ከጥንት ጀምሮ እንዴት ያለ እንደነበረ ያመለክታል።

በ1981 ታሪኩ እንደገና ፊልም ሆኖ ወጥቶ ወድቋል። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት የባለመብትነቱን ወረቀት የያዘው ኩባንያ፥ ጭምብሉን በቴሌቪዥን ለዓመታት አጥልቆ የኖረው አንጋፋ ተዋናይ ክሌይተን ሙር ሁለተኛ በሕዝብ ፊት እንዳያጠልቀው በ1979 የፍርድ ቤት ትእዛዝ አወጣበት። ሽማግሌውም በጭምብሉ ፋንታ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይታይ ጀመር። ሕግ በዚህ መንገድ የጀግናን ፊት ለባለገንዘብ ሊሰጥ እንደሚችል አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናልና።

የ2013ቱን ፊልም ያወገዙት ሰዎች የሚያቀርቡት ክስ በአራት ይጠቃለላል። አንደኛው ወጪው ነው፤ ወደ 225 ሚሊዮን ዶላር እንደፈሰሰበት ተነግሯል፤ ዲስኒ ኩባንያም ከ160 እስከ 190 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ኪሳራ እንደሚጠብቅ በዚያው ዓመት አስታውቋል። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ሦስተኛው የቶንቶን ቦታ ለጆኒ ዴፕ መስጠቱ ነው። አራተኛውና ዋነኛው ግን ቀልድንና እልቂትን በአንድ ገበታ ማቅረቡ፥ ጀግናውንም መሳቂያ ማድረጉ ነው። የመጀመሪያው ክስ የባለሀብቱ እንጂ የሐያሲ ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው እውነትነት አላቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። አራተኛው ግን የፊልሙን ልብ እንደ ጉድለት የቆጠረ ክስ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ዘመኑ 1869 ነው። ጆን ሪድ የተባለ ወጣት ዐቃቤ ሕግ የፍልስፍና መጽሐፍ በእጁ ይዞ በባቡር ወደ ቴክሳስ ይመጣል። ወንድሙ የጸጥታ አስከባሪዎች አለቃ ነው። ቡች ካቨንዲሽ የተባለውን ወንበዴ ለመያዝ ሲሄዱ፥ ከመካከላቸው በተነሣ ከሐዲ ምክንያት በገደል መካከል ተከበው ያልቃሉ፤ ጆን ብቻውን ይተርፋል። የኮማንቺው ተወላጅ ቶንቶ ያነሣዋል፤ ከሟቹ ወንድሙ የቆዳ ሰደርያም ጭምብል ይቆረጥለታል። በኋላ ካቨንዲሽን በያዙት ጊዜ ቶንቶ እንግደለው ሲል፥ ጆን ግን ለፍርድ አቀርበዋለሁ ብሎ ይከራከራል፤ ወስዶም ሕግ ያለበት መስሎት ለምድር ባቡሩ ሹም ለላታም ኮል ያስረክበዋል። ሹሙ ግን የወንበዴው የጥንት ሸሪክ ኖሯል። የወንበዴው ጭፍሮች የኮማንቺ ልብስ እየለበሱ ሰፋሪዎችን የሚወጉት፥ ከኮማንቺዎች ጋር የተደረገው ውል ፈረሰ ተብሎ ባቡሩ በምድራቸው እንዲያልፍ፥ ብራቸውም እንዲዘረፍ ነው። የፈረሰኛው ጦር አዛዥ ይህን ሁሉ ሲሰማ እውነቱን ይረዳል። ይሁንና እውነቱን ቢቀበል እስከዚያ ቀን ያፈሰሰው ደም ሁሉ ወንጀል ሊሆንበት ነውና፥ እያወቀ ከሹሙ ጋር ይቆማል።

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ» ካለ፥ ሌላው የሰነዘረውን ዱላ እንኳ ቢሆን መመለስ ነበረበት። ዳኛው ሩቅ ቢሆንም፥ ወታደር ባይኖርም፥ ቃሉ ብቻውን ያቆም ነበር። ከጆን ሪድ ጋር የተዋወቅሁት በዚህ ቃል በኩል ነው። ይህ ሰው በፊልሙ እኩሌታ ውስጥ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሄደበት ሁሉ በሕግ አምላክ ይላል፥ የሚቆምለት ግን የለም። ተመልካች የሚስቅበት በዚህ ምክንያት ነው። ተቺዎች ጀግናው ደካማና ሞኝ ተደርጓል ብለው አዘኑ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ሞኙ በሕግ ያመነው ነው ወይስ ሕጉን በእጁ ይዞ የሸጠው? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ስፍራ ሁሉ በሕግ አምላክ የሚል ሰው ለጊዜው መሳቂያ መሆኑ አይቀርም። ፊልሙ ይህን መሳቂያነት አልደበቀም፤ ክብሩም ያለው ባለመደበቁ ላይ ነው።

የተማሪው ጥያቄም መልሱን የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው። በእኛ ባህል ጀግና ፊቱን አይሸፍንም፤ ይልቁንም ስሙን ይጠራል፥ ይፎክራል፥ በፈረሱም ስም ይታወቃል። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ በስሜን ተራሮች ውስጥ ደረስጌ አለ። የቋራው ካሣ ኃይሉ አስቀድሞ ሽፍታ የነበረ ሲሆን፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በዚያ ድል አድርጎ፥ ውቤ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የፈረሱ ስም አባ ታጠቅ ነው። አፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር፤ ዳኝነት በፈረስ ስም ውስጥ ሲጠራ ማለት ነው። የፈረስ ስም ከእናት አባት ስም በላይ የሚጠለቅ ሁለተኛ ፊት ነው፤ ነገር ግን ሰውየውን የሚገልጥ እንጂ የሚሰውር አይደለም።

የፊልሙን ሰዎች በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው ነገሩ ይገለበጣል። ወንበዴዎቹ የኮማንቺ ልብስ ለብሰዋል። ዘራፊው የሹመት ልብስ ለብሷል። ነፍሰ ገዳዩ መኮንን የመንግሥት መለዮ ለብሷል። ሁሉም ፊታቸው ገሃድ ነው፤ ሁሉም ግን ተሸፍነዋል። የሆነውን ሆኖ የሚታይ አንድ ሰው ቢኖር ጭምብል ያጠለቀው ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ቁራጭ ቆዳ ለጆን ሪድ እንደ ፈረስ ስም ሆኖለታል ማለት ነው፤ ከሞተው ወንድሙ ልብስ የተቆረጠ በመሆኑም፥ ማን እንደሆነና የማንን ፍርድ እንደሚሻ በፊቱ ላይ ይናገራል። ሌባው ፊቱን የሚሸፍነው እንዳይጠየቅ ነው፤ ይህ ሰው ግን የሸፈነው ሌሎቹን ለመጠየቅ ነው።

ስለ ምድር ባቡሩም አንድ ነገር ልጨምር። በታሪክ የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ ያገናኘው ሐዲድ የተጋጠመው እ.ኤ.አ. በግንቦት 10 ቀን 1869 በዩታ ምድር ነው። ፊልሙ ይህን ዓመት መምረጡ በከንቱ አይደለም። እኛም ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ ገደል ስንወርድ፥ መንገዱ ከተራራው ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ሲታይ እናደንቃለን፤ መደነቃችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያን መንገድ በገደሉ ላይ ያሳለፈው ወራሪው የጣሊያን ጦር ነበር፤ ያሳለፈውም ለእኛ ምቾት ሳይሆን ለወታደሩና ለስንቁ ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ በወልቀፊት የመሸገው የጣሊያን ጦር፥ አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች በኋላ እንኳ ለወራት ቆይቶ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መንገዱ የእኛ ነው፤ አውቶቡሱም የጭነት መኪናውም ይመላለስበታል። ሆኖም የመንገዱን ውበት ብቻ አውርቶ፥ በማን ላይ እንደተሠራ የማይናገር ተራኪ የታሪኩን እኩሌታ ሰርቋል። የቀድሞዎቹ የካውቦይ ፊልሞች አብዛኞቹ ሐዲዱን እያሳዩ ከሐዲዱ ሥር ያለውን ይደብቁ ነበር። ይህ ፊልም ግን መሬቱን ገልጦ አሳየ።

ገልጦ ያሳየበት መንገድም በጥንቃቄ የታሰበ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው እ.ኤ.አ. በ1933 በሳን ፍራንሲስኮ፥ ገና በመሠራት ላይ ባለ ታላቅ ድልድይ አጠገብ በቆመ የትርዒት ሰፈር ነው። ጭምብል ያጠለቀ አንድ ትንሽ ልጅ ገብቶ፥ እንደ ታሸገ አውሬ በመስኮት ውስጥ ለትርዒት የቆመ ሽማግሌ ያያል። ሽማግሌው ቶንቶ ነው፤ ታሪኩን የሚነግረንም እርሱ ነው። አንባቢ ልብ ቢል፥ 1933 ታሪኩ በራዲዮ መነገር የጀመረበት ዓመት ነው። ነጭ ተዋናይ በቶንቶ ስም ይናገር በጀመረበት በዚያው ዓመት፥ እውነተኛው ቶንቶ በመስኮት ውስጥ ቆሞ ለአንድ ሕፃን ብቻ ይናገራል ማለት ነው።

ሽማግሌው ልጅ ሳለ ሁለት ነጮችን በአንዲት ተራ የኪስ ሰዓት ለውጥ ብሩ ወዳለበት መርቷል፤ እነርሱም ሰፈሩን ፈጅተው ሄደዋል። ይህን የተሸከመ ሰው ታሪኩን እንዴት ያውራ? እየቀለደ፥ እያዛባ፥ ከኀዘኑ አጠገብ ሲደርስ ወደ ሳቅ እየሸሸ ነው የሚያወራው። ኮማንቺዎቹ በመትረየስ ካለቁበት ትዕይንት ብዙም ሳይርቅ ፈረሱ ዛፍ ላይ ቆሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ተቺዎች የአዘጋጁ ዝብርቅ መሰላቸው፤ እኔ ግን የተራኪው ቁስል ሆኖ ታየኝ። የፊልሙ ሰም ሳቅ ነው፤ ወርቁ ኀዘን ነው። ሰሙን ብቻ ያየ ሰው ወርቁን አላገኘም ብሎ ቅኔውን ሊነቅፍ አይገባውም።

ይህን ስል ጉድለቱን ልሸፍን አልሻም። መካከሉ ይንዛዛል፤ የዝሙት ቤቱ ትዕይንትና አንዳንዱ ግርግር ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። ወንበዴው የሟችን ልብ አውጥቶ መብላቱ ክፋቱን ከሰው ክፋት አውጥቶ የጭራቅ አድርጎታል፤ የሚያስፈራው ግን የባለመዝገቡ የኮል ክፋት ነበር። ከሁሉም በላይ፥ ተወላጁ ተራኪ እንዲሆን የደከመ ፊልም የተራኪውን አፍ ለተወላጅ አለመስጠቱ ከባድ ጉድለት ነው። ላዶና ሃሪስ የተባሉት የታወቁ የኮማንቺ ተወላጅ ጆኒ ዴፕን በ2012 እንደ ልጅ መቀበላቸው የእርሳቸውን ቸርነት ያሳያል እንጂ ጉድለቱን አይሞላውም። የራዲዮው ዘመን ስሕተት በሌላ መልክ ተደግሟልና።

ሆኖም ፊልሙ ብቻውን አልቆመም። ታዋቂው የፊልም ሰው ክዌንቲን ታራንቲኖ በዚያው በ2013 ከመረጣቸው ዐሥር ፊልሞች አንዱ አድርጎታል፤ በምስል ጥበቡና በፊት አሠራሩም ለኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር። እኔ የማቀርበው ምስክርነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የምንቀመጥ ሰዎች ከፊልሙ ውስጥ ልንፈራው የሚገባን ካቨንዲሽን አይደለም፤ እውነቱን ከሰማ በኋላ ያለፈውን ሥራውን ለማዳን ሲል ፊርማውን ከሐሰት ጋር ያኖረውን መኮንን ነው። መምህራንም ይህን ፊልም ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ፥ ከተኩሱ ይልቅ በዚህ ሰው ላይ ቢያነጋግሯቸው ይጠቅማል።

በፊልሙ ፍጻሜ ድልድዩ ይፈርሳል፤ ቶንቶም ያቺን የኪስ ሰዓት ለኮል ይመልስለታል። ባቡሩ ግን በሌላ ድልድይ ማለፉ አልቀረም፤ ሽማግሌውን በመስኮት ውስጥ ያቆመው ዘመን ራሱ ምስክር ነው። ጆን ሪድ ጭምብሉን ሳያወልቅ ይሄዳል፤ ትንሹም ልጅ ታሪኩ እውነት መሆኑን ሲጠይቅ መልሱ ለራሱ ይተውለታል።

ለደባርቁ ተማሪም የምመልስለት ይህንኑ ነው። ልጄ፥ በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆም ሰው ባለበት አገር ጭምብል አያስፈልግም። ጭምብል ያጠለቀ ጀግና ባየህ ጊዜ ግን ስለ ምን ፊቱን ሸፈነ ብለህ ከመጠየቅህ በፊት፥ በዙሪያው ፊታቸውን ገልጠው የቆሙት እነማን እንደሆኑ ተመልከት።