ፈላጊው በሚጠራበት ስም

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ ስል ብዙ ሰው የሚታየው ጸጥታና የተደረደረ መጽሐፍ ነው። መደርደሩ ከሥራው ትንሹ ነው። አሽዶድ ውስጥ ውሎዬን የሚወስደው፣ አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር በሚያውቀው ስምና በሚያውቀው ፊደል ሲጠራው እንዲያገኘው ማድረግ ነው። መረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው ሲባል የበሩን መከፈት ብቻ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን በሩ ክፍት ሆኖ፣ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ፣ ኮምፒዩተሩም በርቶ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ስለማይ በዚህ አልስማማም።

አሽዶድ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ ያቆማት የእስራኤል ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1956 ነው፤ ወደቧ ሥራ የጀመረው በ1965። (ኢትዮጵያዊ አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ይህን ለምን እንደምናገር ኋላ ይታያል።) ከሞሮኮ፣ ከጆርጂያ፣ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት፣ ከፈረንሳይ የመጣው ሁሉ እዚህ አለ። የእኛም ሰው፣ ቤተ እስራኤል የሚባለው የኢትዮጵያ አይሁድ፣ አለ። አንዳንዱ በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል የመጣ ነው። ሌላው በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ሲጓጓዝ የመጣ ነው። ከዚያም በኋላ ከጎንደር የመጡ ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ሰው በየቋንቋው የሚጠይቀው አለው።

ከስም ልጀምር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ግን የቤተሰብ ስም የሚሞላበት ቦታ አለው፤ የአገራችንን ስም አወጣጥ የማያውቅ መዝጋቢ እዚያ «ዓለማየሁ» ብሎ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ በጸሐፊው አባት ስም ገብቶ ይቀራል። «ሐዲስ» ብሎ የመጣ አንባቢ የለም ተብሎ ይመለሳል፤ አባታቸው ዓለማየሁ የሚባል ደራሲዎችም ሁሉ፣ ሳይተዋወቁ፣ እንደ አንድ ቤት ልጆች ይሰለፋሉ። የሙያው ደንብ በዚህ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚገባው በራሱ ስም ነው፤ የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም የሚሠራው በዚሁ ነው። እስራኤል ውስጥ ግን ደንቡ ብቻውን አያደርስም፤ እዚህ ስንገባ መታወቂያችን ላይ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፏል። ኢትዮጵያ ተወልዳ በዕብራይስጥ የምትጽፈው ዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን የምትገባው በቤተሰብ ስሟ ነው። ስለዚህ በአንድ ካታሎግ ሁለት ሥርዓት ጎን ለጎን እንይዛለን። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚለየው ፕሮግራሙ ሳይሆን መዝጋቢው ነው።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። «ሐዲስ»ን አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሃ» ይጽፈዋል። «ዓለማየሁ»ም በ«አ» ይጻፋል፣ በ«ዓ»ም ይጻፋል። ሲነበብ ድምፁ አንድ ነው፤ ለመፈለጊያው ግን አንዱ ፊደል ከተለወጠ ሌላ ሰው ነው። መፍትሔው አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ የለም፤ በእያንዳንዱ ደራሲ መዝገብ ሥር ሰው ሊጽፍ የሚችለውን አጻጻፍ ሁሉ በእጅ ማስገባት። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተመዘገበ የአማርኛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በላቲን ፊደል ብቻ ነው። ጎንደር ውስጥ ፊደል ቆጥረው አማርኛ የሚያነቡ፣ ላቲን የማያውቁ አዛውንት የራሳቸውን ቋንቋ መጽሐፍ ለማግኘት መጀመሪያ የሌላ ሰው ፊደል መማር ይኖርባቸዋል ማለት ነው። ይህ ሊቃና የሚችል ነገር ነው፤ እስኪቃናም ለሕዝብ ክፍት ነን ማለት ይከብደኛል።

ዓመቱስ? «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። መዝጋቢው 1958ን እንዳለ ከገለበጠው መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ታተመ ይሆናል። በዕብራይስጥ አቆጣጠር ደግሞ ዓመቱ 5726 ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ የሰፈረውን 1958 ዓ.ም. ሳልነካ ትቼ፣ ከጎኑ 1965/66 ብዬ እጽፋለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ስለ አንድ ዘመን የሚያጠና ተማሪ ግን በዓመት ሲፈልግ የሚያገኘውም የሚያጣውም በዚህች ጭረት ነው።

ከዚያ መደርደሪያው ይመጣል። ዴዊ በተባለው የመጻሕፍት አመዳደብ ሥነ ጽሑፍ የሚለየው በተጻፈበት ቋንቋ ነው፤ የአማርኛው 892.87፣ የዕብራይስጡ 892.4። ሐዲስ ዓለማየሁና ዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን በአንድ መደርደሪያ አይገናኙም። የኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ ራቅ ብሎ 963 ላይ ነው። አያት አማርኛ ታነባለች፣ የልጅ ልጇ ዕብራይስጥ፤ ሁለቱም ግን ስለዚያው የሱዳን መንገድ ሊጠይቁ ይችላሉ። የሚያገናኛቸው የርእሰ ጉዳይ መግቢያ ነው። ለዚህ ነው «ቤተ እስራኤል» የሚለውን በሁለቱም ፊደል፣ በአማርኛውም በዕብራይስጡም መጻሕፍት ሥር የማስገባው። አንድ አዛውንት የገዛ ከተማችንን በመጽሐፍ ቅዱስ ሊያነቡ ፈልገው «አሽዶድ» ቢሉ፣ በቀድሞው የአማርኛ ትርጉም ስሟ አዛጦን ነውና፣ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚመራ ጠቋሚ ያስፈልጋል። ጠቋሚውን የሚያኖረው ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ የሚሠራ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሥራ ጠረጴዛው ጋ ነው፤ እኔም የምወደው እሱን ነው።

አንድ አባት መጥተው «ልጄ፣ ስለ ስኳር በሽታ መጽሐፍ አለ?» ይላሉ። አለ። በዕብራይስጥ ነው፣ ወፍራም ነው፣ አውጥቼ ብሰጣቸው ሥራዬን የጨረስኩ ይመስላል። ግን ሰው የሚፈልገውን በሙሉ አፉ አይጠይቅም፤ ቤተ መጻሕፍት ይኖረዋል ብሎ የሚገምተውን ነው የሚጠይቀው። «አባባ፣ ከስኳሩ የቱን ማወቅ ፈልገው ነው?» እላቸዋለሁ። ትንሽ ዝም ብለው ከኮታቸው ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት ያወጣሉ። ከኩፓት ሆሊም፣ ከጤና መድን ድርጅቱ፣ የመጣ የደም ምርመራ ቀጠሮ ነው። ሊያውቁ የፈለጉት ከምርመራው በፊት ስንት ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መቆየት እንዳለባቸው ነው፤ መልሱም ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ጽሕፈት ተጽፏል። መስመሩን በጣቴ እያሳየሁ እንዳለ አነብላቸዋለሁ። «መድኃኒቱንስ በዚያ ጠዋት ልዋጥ?» ካሉኝ ግን አልመልስም፤ ያ የሐኪም ነው። ጥያቄያቸውን በዕብራይስጥ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ አማርኛውን አስከትዬ፣ ለነርሷ እንዲያሳዩአት እሰጣቸዋለሁ። ወፍራሙ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አልወረደም፤ አባባ ግን የመጡበትን አግኝተዋል።

እዚህ ላይ የምጠነቀቀው «የቱን» ብዬ እንጂ «ለምን» ብዬ አለመጠየቅ ነው። «ለምን» የሚለው ሰውን ያስደነግጣል፤ በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ይበልጥ። ሁሉም ይተዋወቃል፤ ጠያቂው የጎረቤቴ አጎት ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2012 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ የአንባቢን ምሥጢር መጠበቅን ያዛል፤ አሽዶድ ውስጥ ይህ ማለት ሰንበት ላይ ከቤተሰባቸው ጋር ተቀምጬ ቡና ስጠጣ ስለዚያ ወረቀት ትንፍሽ አለማለት ነው።

ስንት እናት የሐኪሟን ደብዳቤ በልጇ አፍ ሰምታለች! አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ስለ እናቱ ማሕፀን ሲተረጉም፣ ከቢቱዋህ ለኡሚ፣ ከብሔራዊ መድን ተቋሙ፣ የመጣውን የዕዳ ማስጠንቀቂያ ሲያነብ፣ ልጁም ሊሸከመው የማይገባውን ይሸከማል፣ እናቲቱም ልትጠይቅ የምትፈልገውን ሳትጠይቅ ትቀራለች። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከዚህ የተሻለ ቦታ መሆን ይችላል፤ ማንም አይከፍልበትም፣ ማንም ምን ፈልገህ ነው አይለውም። ለዚህ ግን ጠረጴዛው ጋ አማርኛ የሚያውቅ ሰው መቀመጥ አለበት። ይህን እንደ ምጽዋት የሚቆጥር የከተማ አስተዳደር ካለ ተሳስቷል። እስራኤል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ያወጣችው በ1975 ነው፤ በ1998 ደግሞ ነዋሪ ሁሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው በሕግ ደነገገች። ማመልከቻውን መጻፍ ለማይችል ሰው መብቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

በቃል ማድረስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኦሪት የተጻፈው በግእዝ ነው፤ ግእዝ የሚያውቁት ደግሞ ቄሶች ነበሩ። በሲግድ በዓል ዕለት ቄሶቹ ተራራ ላይ ወጥተው በግእዝ ያነቡ፣ ከዚያም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉሙ ነበር፤ ሕዝቡ የሚያውቀውን ያወቀው በጆሮው ነው። ስለዚህ የአዛውንቶች በድምፅ የተቀዳ ታሪክ ከመጽሐፍ እኩል ተመዝግቦ፣ በተናጋሪው ስም፣ በመንደሩ ስም፣ ባለፈበት የሱዳን ካምፕ ስም መገኘት አለበት ብዬ አምናለሁ። ዣክ ፋይትሎቪች ስለ ቤተ እስራኤል የሰበሰቡት ቤተ መጻሕፍት ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ተመራማሪ ይጠቀምበታል። የአዛውንቶቹ ቃል ግን የትውልዱ ስለሆነ በየከተማው መኖር ይገባዋል።

አንድ የሙያ ወንድም ሳልጠራ አላልፍም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ። ስለዚህ «ሞኙ ማሞ»ን በሁለት ቋንቋ አሳተመ፤ አገሩ ተመልሶም በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ኋላም በአዋሳ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ የሚዞርበትን አገልግሎት ጀመረ። ሰው የጠየቀው ሲታጣ ምን ማድረግ እንደሚቻል እሱ አሳይቷል።

አሁን ልመናዬን ለአንባቢዬ ላቅርብ። ጎንደርን፣ የሱዳንን መንገድ፣ የመጀመሪያዎቹን የእስራኤል ዓመታት ጽፋችሁ በራሳችሁ ገንዘብ በትንሽ ማተሚያ ቤት የምታሳትሙ ብዙ ናችሁ። ብዙዎቹ መጻሕፍት ዓመትም የታተሙበትም ከተማ የላቸውም፤ ደራሲው ሲያልፍ መጽሐፉም አብሮ ይጠፋል። እባካችሁ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማችሁን በአማርኛም በዕብራይስጥም፣ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። ዓመቱን ጻፉ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ግለጹ። በ2000 የወጣው ሕግ እንደሚያዘው ሁለት ቅጂ ኢየሩሳሌም ላለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አስገቡ። አንድ ደግሞ ለምትኖሩበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። መመዝገቡን ለእኛ ተዉት።