አንበሳ መንካትና አንበሳ ማጥናት

የዱር እንስሳት ጥበቃንና ሕክምናን ውጭ አገር በመስክ ኮርስ ለመማር የምትፈልጉ ወጣቶች፣ ማስታወቂያዎቹ ይመሳሰሉባችኋል። ጥቂት ሳምንት ደቡብ አፍሪካ፣ ማደንዘዣ የሚተኩስ ጠመንጃ፣ የተኛ አንበሳ፣ አጠገቡ ፈገግ ያለ ተማሪ። ፎቶው ያምራል። ትምህርቱ ግን የቱ ጋ ነው?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አንሂድ። ከፒያሳ ተነስታችሁ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ስትወጡ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙት አንበሳ ግቢ ነበር የሚጠብቃችሁ። የአራዳ ልጅ ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች እዚያ እያየ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ተቋም የመሩት ቡድን የ15ቱን ዲኤንኤ መረመረ። ውጤቱ፣ ለንጽጽር መረጃ ከተገኘላቸው አንበሶች ሁሉ በዘረመል ይለያሉ የሚል ነበር።

ጥናቱ ትልቅ ነው፤ ግን እንጠይቀው። የግቢው አንበሶች የተራቡት ከጥቂት ወላጆች ነው። ከረጢት ውስጥ 7 ዓይነት ቀለም ያለው ብይ ቢኖርና 5 ብቻ ብትዘግኑ፣ ሁሉም ቀለም አይደርሳችሁም። ለብቻው የቆየ ትንሽ መንጋም እንዲሁ በአጋጣሚ ብቻ የተለየ ሊመስል ይችላል። በእኛ በኢንጂነሮቹ አነጋገር፣ 15 ዘመዳሞች 15 ነፃ ልኬቶች አይደሉም።

ይሄ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንበሶቹ በእርግጥ የተለዩ ከሆኑ፣ ከሌላ አካባቢ አንበሳ ጋር ማዳቀል ያንን ልዩነት ያጠፋዋል። ካልሆኑ ደግሞ ለጥበቃ ያለን ጥቂት ገንዘብ ዱር ላሉት ቢውል ይሻላል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ተመሳሳይ መልክ ያላቸው አንበሶች ዱር ውስጥ መኖራቸውን ጠቅሰዋል። ስለዚህ ጥያቄውን የሚዘጋው የእነሱ ናሙና እና ማን ከማን እንደተወለደ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

ማደንዘዣ መተኮስ ደም ለመውሰድ ያስፈልግ ይሆናል። ሥራው ግን ከዚያ በፊትም በኋላም አለ። እንግዲህ ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የምንወስደው ናሙና የት ይሄዳል? ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ከለኩት እንቀጥላለን ወይስ ከዜሮ እንጀምራለን? የአገሬው የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ ለምሳሌ የቢሾፍቱው፣ አብሮን ይማራል ወይስ ዕቃ ይሸከምልናል? አጥጋቢ መልስ ካላገኛችሁ፣ የከፈላችሁት ለጉብኝት ነው።