ውሃ የሚለቅ ወጥ አይመሰገንም

ሰው ማዕድ ቀርቦ የመጀመሪያውን ጉርሻ በወጉ ሳይውጥ «እጅ ያስቆረጥማል!» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምኑ ነው እጅ የሚያስቆረጥመው? መቅላቱ? ሳልሳ የገባበት ሁሉ ይቀላል። ማቃጠሉ? ሚጥሚጣም ያቃጥላል። ይባስ ብሎ ሙያ ሊለምዱ ባለሙያ ሥር የቆሙ ልጆች ሳይቀሩ ያልበሰለ ወጥ እየቀመሱ ሲያደንቁ አያለሁ። እንግዲህ የቤት ወጥ፣ በተለይም የጾም ወጥ፣ በምን እንደሚመዘን ልናገር።

ምስሩ መለቀሙን፣ ጨው መመጠኑን፣ ሽሮው አለመጓጎሉን እዚህ አልዘረዝርም። ይህን የማያውቅ ሰው ወጥ ልመዝን ባይል ይሻለዋል። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ቁሌቱን።

አንድ ጭልፋ ምስር ወጥ ነጭ እንጀራ ላይ አውጡና እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ። መሀሉን ተዉት፤ ዳር ዳሩን እዩ። ቀድሞ የሚወጣው የገረጣ ውሃ ከሆነ፣ እንጀራውም ወጡ ሳይነካው ከራሰ፣ ሽንኩርቱ ሳይበስል ነው ምስሩ የገባው። ቀድሞ ብቅ የሚለው ቀይ ዘይት ከሆነ፣ እሱም ቀስ ብሎ ከወጣ፣ ድስቱ አጠገብ ሰው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ከወጡ ውስጥ አንዲት የሽንኩርት ቁራጭ ፈልጉ። ካገኛችሁ ሥራው ተበላሽቷል፤ በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ተፈልጎ አይገኝም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሽንኩርት ከመቶ እጅ 89 ያህሉ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ሳይመጠጥ በርበሬ የጨመረ ሰው በርበሬውን ቀቀለው እንጂ አላቁላላውም። የበርበሬ ቀለም የሚሟሟው በዘይት ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ በርበሬ ቀለሙን አይሰጥም፤ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። በርበሬው የማረቆ ይሁን የሀላባ ያልበሰለ ሽንኩርት ላይ ምንም አያድነውም። ቀለሙ እንቢ ሲል ሳልሳ ይጨመራል፤ ሳልሳው ሲኮመጥጥ ስኳር ይከተላል፤ ወጡ ሲቀጥን ደግሞ ሽሮ ይነሰነስበታል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው። ሽንኩርት በቢላ ይደቅቃል እንጂ በመፍጫ አይፈጭም፤ የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በአንዴ ይተፋል፣ ይመራልም። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በደረቅ ድስት፣ መለስተኛ እሳት ላይ ይቁላላል። ዘይት የሚገባው ውሃው ካለቀ በኋላ ነው። በርበሬ ከገባ በኋላ ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይከለሳል እንጂ በጆግ አይደፋም። ከግማሽ ሰዓት በፊት ምስር የገባበትን ቁሌት እኔ ቁሌት ብዬ አልጠራውም።

ወቅትንም የማያውቅ ባለሙያ የለም። የመቂና የዝዋይ የመስኖ ሽንኩርት በበጋ እንደ ልብ ይገኛል፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል፣ የሚገኘውም ውሃ ያዘለና ቶሎ የሚበሰብስ ነው። ያኔ ሽንኩርት ቀንሶ ቀይ ወጥ ልሥራ ማለት ውሃ የሚለቅ ወጥ ለመብላት መወሰን ነው። አክስቴ ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ ቀይ ወጥ እርም ትል ነበር። ከጓሮ የተቀጠፈ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ትሠራለች፤ ድንች ካለ በእርድ አልጫ ታደርገዋለች። ጥቅምት ላይ እሸት ባቄላ ሲደርስ ደግሞ በጥቂት ሽንኩርት የምትሠራት ወጥ ነበረቻት፤ ከባቄላው ጣዕም ሌላ ምንም አይቀመስባትም። ወቅቱ የሰጠውን የሚሠራ ሰው ቅመም ሲያበዛ አይታይም።

ቁሌትን ያየሁት ግን ከሌላ ሰው ነው። ሰፈራችን ድግስ ባለ ቁጥር የሚጠሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ከዳሱ ጀርባ ጉልቻ ላይ ትልቁ ድስት ይጣዳል፣ ወጣቶቹ በረጅም ማማሰያ ያማስላሉ፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ድስቱን በጆሮ ነበር የሚጠብቁት። ውሃ ያለው ሽንኩርት ይንፈቀፈቃል፤ ውሃው ሲያልቅ መንጣጣት ይጀምራል።

«እትዬ፣ በርበሬውን ላድርገው?» ትላለች አንዷ።

ዞር ብለው ከማማሰያው ጫፍ ትንሽ ሽንኩርት ይወስዱና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይፈትጉታል። ክር የምታህል ነገር ጣታቸው ላይ ከቀረች፣ «ገና ነው።»

አንድ ጊዜ ደጋሹ ራሳቸው መጡ። «እትዬ፣ እንግዳው እኮ ገባ!»

«ቆሎ ስጧቸው» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ያን ቀን እንግዳው ቆሎ ቆረጠመ። ወጡ ሲደርስ ያጉረመረመ አልነበረም።

ዛሬ እንደዚያ የሚያስጠብቅ ባለሙያ የጠፋው ሙያው ስለጠፋ አይመስለኝም። የሚጠብቅ በላተኛ ነው የጠፋው። ምግብ ቤት ስትገቡ ምግብ ዝርዝሩን ተዉት፤ ምስር ወጥ እዘዙ። የዶሮ ወጥን ጉድለት ቅቤና መከለሻ ይሸፍኑለታል፤ ምስር ግን ገመናውን የሚሸፍንለት የለውም። ዳሩን እዩ። ውሃ ከለቀቀ ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ተነሡ፣ ስትወጡም ለወጥ ሠሪዋ በደግ ቃል ንገሯት፤ «እህቴ፣ ሽንኩርቱ ገና ነበር።» «ይጣፍጣል» ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ነገም ያንኑ ትሠራለች፤ ወቀሳውም የእሷ ሳይሆን የእናንተ ነው።